24 ኩንታል ሐረጎን ሲወርድ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሮቢት ነው። ስፖርት መኪና ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። አዲሱ ቢኤምደብሊው ኤም5 ከ2,400 ኪሎ በላይ እንደሚመዝን ሳነብ ክው አልኩ። ጓደኞቼ ግን ‹ከ700 ፈረስ በላይ ጉልበት እያለው ክብደቱ ምን አስጨነቀህ› ይሉኛል። እውነት ክብደት በጉልበት ይካካሳል? አዳዲሶቹ መኪኖች ለምን እንዲህ ከበዱ፣ ለምንስ ሰፉ? እኛ አገር መንገድ ላይ ቢሆኑስ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ያለኝ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ኪሎውን ማየትህ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ ያለኝ መካኒክ ነኝ። ከዚያ በፊት 6 ዓመት ሻርጃ ሠርቻለሁ። አንተ በስልክ የምታያቸው መኪኖች እዚያ በየቀኑ እጄ ይገቡ ነበር። ስለዚህ የማወራህ ከወረቀት ብቻ አይደለም።

አጭሩን መልስ ልስጥህ። ጉልበት ክብደትን ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይሸፍነዋል። ኩርባ ላይና ቁልቁለት ላይ ግን አይሸፍነውም። ወሎ ውስጥ ደግሞ ያለን ኩርባና ቁልቁለት ነው።

አሁን በኩንታል እናውራ፣ ለኛ የሚገባን እሱ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመጀመሪያው ኤም5 14 ኩንታል ከ30 ኪሎ ገደማ ነበር። ጉልበቱ 286 ፈረስ። በ2024 የወጣው 24 ኩንታል ከ35 ኪሎ ይመዝናል፣ ጉልበቱ 727 ፈረስ። የክብደቱ ልዩነት 10 ኩንታል ነው። የድሮው መኪና ላይ 10 ኩንታል ጤፍ ጭነህ ውጣ እንደማለት ነው።

ጓደኞችህ «ጉልበቱስ?» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ግን ቅርብ ያለውን ታላቅ ወንድሙን እናምጣ። ከዚህኛው በፊት የነበረው ኤም5 ኮምፒቲሽን 625 ፈረስ ነበረው፤ ከቆመበት ተነስቶ 100 ለመድረስ 3.3 ሴኮንድ ይፈጅበታል። አዲሱ በ727 ፈረስ 3.5 ሴኮንድ ይፈጅበታል። 102 ፈረስ ተጨምሮለት ዘገየ። የተጨመረው ጉልበት የተጨመረውን ኪሎ ለመሸከም ዋለ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ጉልበት ከሁሉ በላይ በሚጠቅምበት በቀጥታ መንገድ ላይ ነው።

ቁጥር ስታነጻጽር ግን አንድ ነገር ልብ በል። የመኪና ክብደት ሁሌ በአንድ መንገድ አይጻፍም። አንዱ ነዳጅና ዘይቱ ተሞልቶ፣ ሹፌር ሳይገባ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አለካክ ደግሞ ለሹፌርና ለዕቃው 75 ኪሎ ይጨምራል። ለዚህ ነው ኤም5ን አንዱ ጋ 2,435፣ ሌላው ጋ 2,510 ተብሎ የምታገኘው። ሁለቱም ልክ ናቸው። «ደረቅ ክብደት» የሚሉትም አለ። ነዳጅ የለ፣ ዘይት የለ፣ ውሃ የለ። ውድ ስፖርት መኪና የሚሸጡ ሰዎች ይህን ቁጥር ይወዱታል። አንተ አትቀበለው። መኪና ደረቁን ወጥቶ አያውቅም።

ወደ ኩርባው እንምጣ። መኪናው የፈለገውን ያህል ፈረስ ይኑረው፣ መሬት የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቦታ የመዳፍ ያህል ነው። መሪ ስታዞር፣ ፍሬን ስትይዝ፣ ነዳጅ ስትሰጥ፣ ሁሉም በነዚያ አራት መዳፎች በኩል ያልፋል። ኩርባ ውስጥ መኪናውን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ ጋር እኩል ያድጋል። 24 ኩንታሉ ከ14 ኩንታሉ ይልቅ በዚያው ፍጥነት 1.7 ጊዜ ገደማ ይገፋል። ታዲያ ክብደት ሲጨምር ጎማውም መሬቱን አጥብቆ ይይዝ የለም ወይ? ይይዛል። ግን በዚያው ልክ አይደለም። ጎማ ላይ ጭነቱን እጥፍ ብታደርገው መያዙ እጥፍ አይሆንም፣ ትንሽ ይጎድላል። ጎማ የሚባል ነገር ሁሉ ጠባዩ ይህ ነው፤ በየትኛውም ዋጋ የሚገዛ መድኃኒት የለውም። ያለው አማራጭ ጎማውን ማስፋት ነው። አዲሱ ኤም5 ከፊት 285፣ ከኋላ 295 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ በ20 እና በ21 ኢንች ቸርኬ ላይ ያደርጋል። እንዲህ ያለ ጎማ ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ጎሚስታ ጋ ተደርድሮ አላየሁም።

መሐንዲሶቹ ክብደቱን ለመሸሸግ ብዙ ይደክማሉ፣ ለድካማቸውም አክብሮት አለኝ። የኋላ እግሩ ራሱ ትንሽ ይታጠፋል። አሞርዛተሩ በኮምፒውተር ይጠብቃል፣ ይላላል። ሻርጃ ሳለሁ ከ20 ኩንታል በላይ የሆነ ስፖርት መኪና ፍሬኑን ቀይሬ ለሙከራ ይዤው የወጣሁበት ጊዜ አለ። ጎህ ሳይቀድ ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው። ነዳጅ ስሰጠው ወንበሩ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። «ክብደት አለው ያለው ማነው?» አልኩ ለራሴ። ከዚያ አደባባዩ መጣ። ፍሬን ያዝኩ፣ መሪውን አዞርኩ። አፍንጫው ታዘዘ። ከወገቤ በታች ያለው ግዙፍ ነገር ግን ገና ወደፊት መሄድ ይፈልግ ነበር። አንድ አፍታ ናት፣ ከሴኮንድ ታንሳለች። ኮምፒውተሩ ወዲያው ይዞ አስተካከለው። እኔ ግን ተሰምቶኛል። መኪና የሚወድ ሰው ቅር የሚለው ያቺን አፍታ ነው። መኪናው አይወድቅም፣ አይንሸራተትም። ብቻ ካንተ ጋር እኩል አይዞርም።

በዚያው ሳምንት ትንሽዬ ባለሁለት መቀመጫ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ለዘይት ቅያሪ መጣች። 10 ኩንታል ገደማ ናት። ያንኑ አደባባይ ዞርኩባት። እጄ ሲያስብ እሷ ዞራለች። ያን ቀን የተሰማኝን ለማስረዳት ስንት ዓመት ሞክሬያለሁ። ልክ ሸክም አውርደህ ቀና ስትል ወገብህ ላይ የሚሰማህ ዓይነት ነው።

አሁን ወደ አገርህ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከሷ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት ይዞ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አንድ መኪና ይህን ከፍታ ሲወርድ ከፍታው የሰጠውን ጉልበት የሆነ ቦታ መጣል አለበት። ፍሬን የምንለው ነገር ያንን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ ነው።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 24 ኩንታል ከ35 ኪሎ 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከምንጭ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ 47 ሊትር ያፈላል። ከሁለት ጀሪካን በላይ ነው። 11 ኩንታል የሆነ መኪና በዚያው መንገድ የሚያፈላው 21 ሊትር ገደማ ነው፣ አንድ ጀሪካን። እርግጥ ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ጎማውና አየሩ ይወስዱታል። በማርሽ ከያዝከው ሞተሩም ይካፈላል። የቀረውን ግን አራት የብረት ዲስኮች ናቸው የሚችሉት። ከባዱ መኪና ትልልቅ ዲስክ ያለው ለጌጥ አይደለም፣ ያንን የቀረ ሙቀት ለመቻል ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ከባድ የኤሌክትሪክ መኪናውን ይዞ መጣ። የማን ምርት እንደሆነ አልናገርም፣ ጥፋቱም የአምራቹ ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ደሴ ቤቱ ሰክቶት አድሮ 100 ሞልቷል። ጠዋት ጉም ነበር፣ ፍሬን እየነካካ ወረደ። ጋራዡ በር ላይ ሲቆም ሽታው ከመኪናው ቀድሞ ገባ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ታውቃለህ፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። እጄን ወደ ቸርኬው አስጠጋሁ፤ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ነው ሙቀቱ የመለሰኝ። በቸርኬው መሐል ሳይ ዲስኩ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ሆኗል። ብረት እንዲህ ሰማያዊ የሚሆነው ክፉኛ ሲግል ነው። ሰውየው «ኤሌክትሪክ መኪና በራሱ ይይዛል ብለውኝ ነበር» አለኝ።

ይይዛል። ሞተሩ ወደኋላ እየሠራ መኪናውን ያቀዘቅዛል፣ ያንን ጉልበትም ባትሪ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከባድ መኪና ላይ የማከብረው ሥራ ይህ ነው። ጎማውና አየሩ ወስደው ለፍሬኑ ከሚቀረው ብዙውን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ግን ባትሪው ሞልቶ ከሆነ የት ያስቀምጠው? ሙሉ ጀሪካን ላይ ውሃ አይጨመርም። ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፣ ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬን ሸራው ይሄዳል። ስለዚህ ደሴ የምትኖር ባለኤሌክትሪክ ሁሉ፣ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ባትሪህን 90 ላይ አቁም። 21 ኩንታል የሆነ መኪና ያንን ቁልቁለት ሲወርድ ቢበዛ የሚያገኘው 3 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ነው። ለሱ የሚሆን ቦታ ካለው ይበቃዋል። ሰማያዊ ዲስክ ይዘህ ከምትመጣብኝ ይህን ምክር በነፃ ውሰድ።

«ለምን ከበዱ?» ላልከው፣ እዚህ ላይ ከመኪና ወዳጆች ጋር ትንሽ እለያያለሁ። ብዙዎች ኪሎ ሁሉ ጠላት ነው ይላሉ። እኔ አልልም። አንዱ ኪሎ ከሌላው ይለያል።

ጋራዥ የከፈትኩ ሰሞን አንድ አሮጌ ቀላል መኪና ተጎትቶ መጣልኝ። ኩርባ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ ነው። መሪው ወንበሩ ጋ ደርሷል። በሩን ስይዘው እንደ ቆርቆሮ ታጠፈልኝ። በበሩ ውስጥ ምንም የለም። ምንም! ሹፌሩ ምን እንደሆነ አልነግርህም። ያን መኪና ሳፈርስ ሰነበትኩ፣ እንደ ቀድሞው «ቀላል መኪና» ብዬ ዝም ብዬ ማድነቅ ከዚያ ወዲህ አልሆነልኝም። ዛሬ ያለ መኪና በሩ ውስጥ የብረት አግዳሚ አለው። አፍንጫው እየተጨማደደ ግጭቱን እንዲበላ፣ ሰው ያለበት ክፍል ግን እንዳይደፈጠጥ ሆኖ ይሠራል። የአየር ከረጢቱ አለ፣ የመቀመጫ ቀበቶ መወጠሪያው አለ። በአውሮፓ ዩሮ ኤንካፕ እ.ኤ.አ. በ1997 መኪኖችን እያጋጨ ኮከብ መስጠት ከጀመረ ወዲህ ገዢው ኮከቡን ይጠይቃል፣ አምራቹም ብረቱን ይጨምራል። ይህ ኪሎ በሰው ነፍስ የተመነዘረ ነው። እሱን አውጡልኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ያ መሪ ይታየኛል።

ሁለተኛው ከጭስ ሕግ የመጣ ነው፣ የኤም5 ምሥጢርም እዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አዲስ መኪኖች በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ95 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ እንዳያወጡ ወስኖ ነበር። ያለፈ አምራች ይቀጣል። ትልቅ ባለ8 ሲሊንደር ሞተር ይህን በራሱ አይወጣውም። ስለዚህ ኤም5 18.6 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ተሰጠው፤ ተሰክቶ ይሞላል፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ነዳጅ ይሄዳል። በመለኪያው ወረቀት ላይ ጭሱ በጣም ትንሽ ይሆናል። ኩርባ ላይ ግን ያ ባትሪ፣ ተጨማሪው ሞተርና ማቀዝቀዣው ሁሉ ክብደት ነው። ሌላም አለ። ኤም5 የሚሠራበት አካል ሙሉ ኤሌክትሪክ የሆነው ወንድሙ አይ5 የሚሠራበት አካል ነው። ለትልቅ ባትሪ ተብሎ የተሠራ ወለል ላይ ቀላል መኪና አይወጣም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ፖርሽ አሳይቷል። በ2024 የ911 ካሬራ ጂቲኤስን ሃይብሪድ (ነዳጅና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ) ሲያደርገው የሰጠው ባትሪ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፣ 27 ኪሎ ይመዝናል። አይሰካም። ብቻውንም አያስኬደውም። ሞተሩን ሊያግዝ ብቻ ነው የገባው። መኪናው ከቀድሞው 50 ኪሎ ብቻ ጨመረ፣ 61 ፈረስ አገኘ፣ 541 ደረሰ። ጠቅላላ ክብደቱ ወደ 16 ኩንታል። ሁለቱም «ሃይብሪድ» ይባላሉ። በአንዱ ባትሪው መኪናውን ያገለግላል፤ በሌላው መኪናው ባትሪውን ተሸክሞ ይዞራል። ይህን የምልህ ቢኤምደብሊውን ስለምጠላ አይደለም። የድሮ ሞተሮቻቸውን ቴስታ ስንቴ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ እወዳቸዋለሁ። ስለምወዳቸው ነው የሚቆጨኝ።

ሦስተኛው ምቾት ነው። ሞተር ያለው ወንበር፣ ድምፅ የሚያፍን ምንጣፍ፣ የመስታወት ጣሪያ፣ ትልቅ ስክሪን። ይህን ዘርዝሬ አልጨርሰውም፣ ራስህ ታውቀዋለህ።

ግን ዋናው ነገር ክብደት ክብደትን መውለዱ ነው። ባትሪ ጨመርክ፤ ስለዚህ ፍሬኑ ይተልቅ። ፍሬኑ ተለቀ፤ ስለዚህ ቸርኬው ካልሰፋ አይገባበትም። ቸርኬው ሰፋ፤ ጎማው ከበደ። ጎማው ከበደ፤ አሞርዛተሩና ክንዱ ይጠንክር። ይህን ሁሉ የሚገፋ ሞተር ደግሞ ይተልቅ። መጨረሻ ላይ 100 ኪሎ የጨመርክ መስሎህ ከዚያ በላይ ጨምረህ ታገኘዋለህ።

ጋራዤ ጥግ ላይ ሁለት ቸርኬዎች ተደግፈው አሉ። አንዱ የአሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፣ ባለ13 ኢንች፣ ከነጎማው። በአንድ እጄ አንስቼ ትከሻዬ ላይ አደርገዋለሁ። ሌላው አንድ ደንበኛ ስንጥቅ ስላገኘንበት ቀይሮ የተወው ባለ20 ኢንች ነው፣ እሱም ከነጎማው። በሁለት እጄ አቅፌ፣ ጉልበቴን አጥፌ ነው ከመሬት የማነሳው። ይህ ክብደት ከሌላው ይከፋል፣ ምክንያቱም ከአሞርዛተሩ በታች ነው ያለው። መንገዱ ላይ ጉድጓድ ሲመታ ያን ሁሉ ከባድ ነገር ሽቅብ ወርውሮ መልሶ ማውረድ አለ። ከባድ እግር ጉድጓዱን ተከትሎ አይወርድም፤ ይዘልለዋል። በዘለለባት ቅጽበት ያ መዳፍ መሬት አልያዘም። ስንጥቁም ከዚያ ነው የመጣው፦ ጎኑ ቀጭን የሆነ ጎማ፣ ትልቅ ቸርኬ፣ አንድ ጉድጓድ።

ስፋቱን ደግሞ ብዙ ሰው አያነሳውም፣ እኔን ግን ከክብደቱ እኩል ያሳስበኛል። ሻርጃ አንድ ቀን የ1970ዎቹ 911 እና አዲሱ 911 ጎን ለጎን ተነስተው ነበር። ሜትር አወጣሁ። የድሮው ስፋቱ 161 ሳንቲሜትር ነው። አዲሱ 185። ልዩነቱ አንድ ስንዝር ከጣት ነው። ስሙ ያው፣ መልኩ ያው፣ አንድ ስንዝር ግን ሰፍቷል። ኤም5 ደግሞ ያለ መስታወቱ 197 ሳንቲሜትር ነው። የስፖርት መኪና ብቻም አይደለም፤ በአውሮፓ አዲስ መኪኖች በየ2 ዓመቱ በአማካይ 1 ሳንቲሜትር እየሰፉ ነው።

አንድ ስንዝር ምን ያደርጋል? ሐረጎ ላይ ያደርጋል። አስፋልት ላይ ያንተ መስመር 3 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ሁለት ሜትር የሚጠጋ መኪና ስታስገባበት ከግራም ከቀኝም የሚተርፍህ 75 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ፊት ለፊትህ ተሳቢ ያለው ሲኖትራክ እየወጣ ነው እንበል። ኩርባውን ሲዞር ተሳቢው ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ መስመርህን ይነካል። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያን ጊዜ ጥጉን ይይዛል። ሰፊው መኪና የሚይዘው ጥግ የለውም። ጠባቧ መኪና መስመሯ ውስጥ ሆና ሌላ መስመር ትመርጣለች፤ ከውጭ ገብታ በውስጥ ወጥታ ኩርባውን ታለሰልሰዋለች፣ ማንንም ሳትነካ። የመንዳት ደስታ የሚባለው ብዙው እሱ ነው። ቦታ ከሌለህ መሐሉን ይዘህ ዝም ብለህ መሄድ ነው።

የደሴ ከፍታ ሌላም ነገር ያመጣል። 2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። 184 ፈረስ ያላት ኤምኤክስ-5 እዚህ ስትመጣ 140 እንኳ አትሞላም። ባለቱርቦው ብዙም አይሰማውም፣ አየሩን ጨምቆ ያስገባዋል። እዚህ ላይ ለከባዱ መኪና ሐቁን መስጠት አለብኝ፤ ዳገት ላይ ትንሿን ጥሏት ይሄዳል። አየሩ ግን የሚቀንሰው ጉልበትን ነው። ኪሎውን አይቀንስልህም። ጧ ብሎ ቦሩ ሜዳ የወጣው 24 ኩንታል ተመልሶ ሲወርድ ያው 24 ኩንታል ነው።

ቀላል መኪና መሥራት አሁን አይቻልም የሚልህን አትመን። ኤምኤክስ-5 እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ መልክ ስትወጣ ከቀድሞዋ 100 ኪሎ ያህል ቀንሳለች። ርዝመቷም በ1989 ከወጣችው ከመጀመሪያዋ ያጠረ ነው። የአየር ከረጢቱም አላት፣ የበር አግዳሚውም አላት። በ2017 የወጣው የፈረንሳዩ አልፒን ኤ110 አካሉ አሉሚኒየም ነው፣ 11 ኩንታል ገደማ ይመዝናል፤ ወንበሩ አንዱ 13 ኪሎ ብቻ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተወለደው የመኪና ነዳፊ ጎርደን መሬይ ደግሞ ባለ12 ሲሊንደሩን ቲ.50 ከ10 ኩንታል በታች አድርጎ ሠርቶታል። ዋጋው ግን ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። ድሮ ቀላል መኪና ማለት ርካሽ መኪና ነበር። ዛሬ ሲቀልል ይወደዳል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። እንዳንተ ያለ ልጅ የሚመኘው ቀላል መኪና የሀብታም ብቻ ሊሆን ነው።

ይህ ሁሉ ለኛ ምን ያደርግልናል አትበል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ፣ አዲስ የሚገዛ ሁሉ የሚገዛው ኤሌክትሪክ ነው። የጋራዤ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሳይ ለውጡ ይታየኛል። አባቶቻችን በዲኤክስ ነው ያረጁት፣ 10 ኩንታል የማትሞላ መኪና። ዛሬ ፒያሳ ላይ የምታየው ትልልቁ ኤሌክትሪክ 20 ኩንታልና ከዚያ በላይ ነው። የስፖርት መኪና ወዳጆች ስለ ኤም5 የሚያነሱት ሥጋት ስፖርት መኪና ነድቶ የማያውቀውን የደሴ ሰውም ደርሶበታል ማለት ነው። ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ ጠባቡ ኩርባም ያው ነው። ጎማ ሲያልቅብህ ታየዋለህ፤ ከባድ መኪና ጎማ ይበላል። ስትቀይርም በጎኑ ላይ የተጻፈውን የመሸከም ቁጥር አስነብብ፤ ልኩ ገባ ተብሎ ብቻ አይገጠምም።

ለጓደኞችህ ስትመልስ እንግዲህ እንዲህ በላቸው። የፈረስ ጉልበቱን ሲያነቡ ከጎኑ ኪሎውን ያንብቡ፣ ከኪሎው ቀጥሎ የጎማውን ስፋት፣ ቀጥሎ የመኪናውን ስፋት። ከዚያ «ይህ ኪሎ ምን ሊሠራ ገባ?» ብለው ይጠይቁ። ነፍስ ሊያድን ከገባ ይግባ። ወረቀት ላይ ያለን ቁጥር ሊያሳምር ከገባ ግን አንተ መቆጨትህ ልክ ነው፣ እኔም አብሬህ እቆጫለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከተመቸህ በሚኒባስ ውረድና ጋራዡ ጎራ በል። ሁለቱም ቸርኬዎች እዚያው ጥጉ ላይ ናቸው። መጀመሪያ የዲኤክሱን አንሳ፣ ከዚያ ሌላኛውን። ጓደኞችህንም ይዘሃቸው ና።